«ደመራ» ከ«ደም» እና ከ«ራ» አልተሠራም፦ ስለ ቃሉ ምንጭ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ደመራ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ የሚተነትን አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በስፋት ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ለባህላቸው ከልብ የሚቆረቆሩ መሆናቸው ከየመስመሩ ይታያል። የሚሰጡት ትንታኔ ግን በዋና ዋና ነጥቦቹ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱም በተጋራ ቁጥር እንደ እውነት እየተቆጠረ በመሄዱ ዝም ብሎ ማለፉን ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

ምላሽ ከመስጠቴ በፊት የጽሑፉን ፍሬ ነገር ሳላጓድል ላስቀምጥ። ጸሐፊው በመጀመሪያ «ደመራ» ከሁለት ቃላት የተጣመረ ነው ይላሉ፤ አንደኛው «ደም»፣ ሁለተኛው የጥንት ግብፃውያን የፀሐይ አምላክ ስም የሆነው «ራ» ነው። በዚህም ቃሉ «ለፀሐይ የፈሰሰ ደም» የሚል ስውር ትርጉም አለው፤ በመስቀል ሰሞን የሚታረደው ከብትም የዚያ አምልኮ ቅሪት ነው። ቀጥለውም ሕዝቡ ለቃሉ የሚሰጠው ተራ ትርጉም «ትልቅ እሳት» መሆኑን ያትታሉ። ለዚህ እንግሊዞች «ቦንፋየር» የሚሉትን ቃል በአስረጅነት ይጠሩና፣ እርሱም «መልካም እሳት» ማለት ስለሆነ ሁለቱ ሕዝቦች ለአንድ ነገር አንድ ዐይነት ስም አውጥተዋል ይላሉ። ከዚያ በኋላ፣ በቃሉ ውስጥ መስቀልን የሚያነሣ ነገር ስለሌለና በዓሉም ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ስለሚውል፣ ደመራ ከክርስትና በፊት የነበረ የፀሐይ በዓል ነው ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳሉ። በመጨረሻም ደመራና ችቦ የአንድ ነገር ሁለት ስሞች ናቸው የሚል አጭር አስተያየት ያክላሉ።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ የቀረው ሁሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነውና።

አማርኛ እንደ ግእዝና እንደ ትግርኛ ሁሉ አብዛኛውን ግሱንና ከግስ የሚወጣ ስሙን የሚሠራው ከተነባቢዎች ሥር ነው። የ«ደመራ» ሥር ድ-ም-ር ነው። ከዚህ ሥር ደመረ፣ ይደምራል፣ ተደመረ፣ ደማሪ፣ ድምር፣ መደመር ይወጣሉ፤ ሁሉም አንድ ላይ ማድረግን፣ ማከልን፣ መሰብሰብን የሚናገሩ ናቸው። በግእዝም ደመረ ማለት አንዱን ከሌላው አገናኘ፣ ቀላቀለ፣ ጨመረ ማለት ነው። ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው የሒሳብ ስሌት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግስ ነው። በትግርኛም ግሱ ያው ደመረ ሲሆን የበዓሉ እንጨት ዳመራ ይባላል። አሁን «ራ» ራሱን የቻለ ቃል ነው ካልን «ድምር» ውስጥ የት ሄደ? «ደማሪ» ውስጥስ? ሊገኝ የማይችለው ሦስተኛው ተነባቢ የሥሩ አካል እንጂ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ ስላልሆነ ነው። በ«ደመራ» መጨረሻ ላይ ራብዕ ሆኖ የሚነበበው ደግሞ የስሙ ቅርጽ ስለሚጠይቀው ብቻ ነው።

ይህ የስም ቅርጽ ከማንም አማርኛ ተናጋሪ የተሰወረ አይደለም። ከቆጠረ ቆጠራ፣ ከለቀመ ለቀማ፣ ከወረረ ወረራ፣ ከከበበ ከበባ፣ ከሰፈረ ሰፈራ፣ ከከተመ ከተማ ይወጣል። ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ሰፈራ የመስፈሩ ድርጊትም፣ ሰዎች የሰፈሩበት ቦታም ስም ነው፤ ከተማ ስንልም ዛሬ የምንረዳው የመክተሙን ድርጊት ሳይሆን የተከተመበትን ስፍራ ነው። ማለትም ይህ ቅርጽ ድርጊቱን ከመሰየም አልፎ ድርጊቱ ያስገኘውን ነገር ሊሰይም ይችላል። ደመራም በዚሁ መንገድ የተደመረው ነገር፣ ተሰብስቦና ተደጋግፎ የቆመው እንጨት ስም ሆኗል። ለዚህ ምንም ስውር ትርጉም ፍለጋ አያሻም፤ ትርጉሙ በየቀኑ በምንናገረው ቋንቋ ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል።

በጸሐፊው ዘዴ ከሄድን ግን ቆጠራም፣ ወረራም፣ መከራም፣ ጎተራም የግብፅን አምላክ ስም የያዙ ቃላት ሊሆኑ ነው። ዘዴው በ«ደመራ» ላይ ብቻ ሠርቶ በእነዚህ ላይ የማይሠራበት ምክንያት በጽሑፉ ውስጥ አልተሰጠም፤ ሊሰጥም የሚችል አይመስለኝም። አንድን ቃል ሲሰሙት የሌላ ቃል ድምፅ ስለ መሰለ ብቻ ለሁለት ከፍሎ መፍታት የቋንቋውን የውስጥ ሥርዓት ጨርሶ መተው ነው።

«ደም» ደግሞ የራሱ ቤተሰብ አለው። ደማ፣ ይደማል፣ አደማ፣ መድማት እንላለን፤ በአንዳቸውም ውስጥ ር የለም። ቃሉ በዐረብኛም ደም፣ በዕብራይስጥም ዳም ሲሆን፣ እነዚህ ቋንቋዎች ከአንድ ምንጭ የወረሱት እጅግ የቆየ ቃል ነው። ሁለተኛውን ክፍል፣ ማለትም «ራ»ን፣ በተመለከተ ጸሐፊው ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ። የግብፁ አምላክ ስም በጥንቱ የግብፅ ጽሕፈት የሚያበቃው በጉሮሮ በሚነገረው በዐይኑ «ዐ» ድምፅ ነው። ግእዝ ደግሞ ለዚህ ድምፅ ራሱን የቻለ ፊደል ያለው ቋንቋ ነው፤ ዐይን፣ ዓለም፣ ዕለት የሚሉት ቃላት የሚጻፉት በእርሱ ነው። ስሙ በጥንት ዘመን ከግብፅ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ የምንጠብቀው «ራዕ»ን የመሰለ መጨረሻ ነበር፤ በ«ደመራ» ላይ ግን የዚህ ፊደል ምልክት የለም።

ስለ እርዱ የተባለው ከፊሉ እውነት ነው። በመስቀል ከብት ማረድ በተለይ በጉራጌ ትልቅ ቦታ ያለው፣ ቤተሰብ ከያለበት የሚሰበሰብበት ሥርዓት ነው፤ ይህን ጸሐፊው በማንሣታቸው አልነቅፋቸውም። ነገር ግን እርዱ የሚፈጸመው በየደጁና በየቤቱ በራሱ ሥርዓት ሲሆን፣ በደመራው ዙሪያ የሚደረገው ዑደት፣ ጸሎትና ዝማሬ ነው። በደመራው ላይ የሚፈስ ደም በሌለበት የደመራን ስም ከደም ማውጣት መነሻ ያጣ ነገር ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። «ደመራ ማለት ትልቅ እሳት ማለት ነው» የሚለው አባባል በዕለት ንግግር ከእውነት የራቀ አይደለም። ሰዎች «ደመራው ነደደ»፣ «ደመራው ሞቀ» ሲሉ ቃሉ እሳቱንም አብሮ እንደሚያጠቃልል ግልጽ ነው፤ ደመራ የሚለውን ቃል ሲሰማ መጀመሪያ ነበልባሉ በዐይነ ኅሊናው የሚመጣበት ሰውም አልተሳሳተም። ጥያቄው ግን የቃሉ መነሻ ምንድን ነው የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ቃሉ የሚሠራበትን ቦታ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል።

በዋዜማው መካከለኛውና ረጅሙ እንጨት ይተከላል። ሌሎቹ ወደ እርሱ ዘንበል ብለው ዙሪያውን ይደገፉና በገመድ ወይም በልጥ ይታሰራሉ፤ ጫፉ ላይ የአደይ አበባና መስቀል ይደረጋል። በገጠሩ በብዙ ቦታ ይህን እንጨት አንድ ሰው ብቻውን አያመጣውም፤ እያንዳንዱ አባወራ የየራሱን ተሸክሞ ይመጣና ከጎረቤቱ እንጨት ጎን ያቆመዋል። ይህ ሲፈጸም «ደመራው ተደመረ» ይባላል። እሳት ገና አልመጣም። ከዚያም ካህናቱ ሦስት ጊዜ ዞረው፣ ጸሎቱ ደርሶ እስኪለኮስ ድረስ ሰዓታት ያልፋሉ። የሚለኮስበት ጊዜም ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ በአንዳንድ ቦታ በመስከረም 16 ምሽት፣ በሌላው ደግሞ በመስከረም 17 ጎሕ ሲቀድ ነው። በዚህ በሁለተኛው አካባቢ ሌሊቱን ሙሉ ሳይለኮስ የሚቆመው እንጨት ስሙ ያው ደመራ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሲነድም ሽማግሌዎች ትኩር ብለው የሚመለከቱትና የዓመቱን ነገር የሚገምቱበት ደመራው ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚወድቅ ነው፤ የሚወድቀውም እሳቱ ሳይሆን መካከለኛው እንጨት ነው።

ስለዚህ «ያልተለኮሰ ደመራ» ማለት እንችላለን፤ ዝናብ የጣለበት ዓመትም «ደመራው ረጥቦ እሳት አልይዝ አለ» እንላለን። «ያልተለኮሰ ነበልባል» ወይም «እሳት አልይዝ ያለ ቃጠሎ» ማለት ግን አይቻልም፤ ምክንያቱም ነበልባልና ቃጠሎ በትርጉማቸው እሳት ናቸው፤ ደመራ ግን እሳት የሚቀበል ነገር ነው። አማርኛ መቃጠሉን መሰየም ቢፈልግ ቃል አላጣም ነበር። በአንዳንድ የኦሮሞ አካባቢዎች የዚህ በዓል እሳት ጉባ ሲባል ስሙ የሚገናኘው ከመቃጠል ጋር ነው፤ እዚያ ስያሜው የተነሣው ከእሳቱ ነው። በአማርኛ የተነሣው እንጨቱን አንድ ላይ ከማምጣቱ ነው። ሁለቱም ስያሜዎች ተገቢ ናቸው፤ አንዱ ግን ሌላውን አይደለም። ጸሐፊው ይህን ልዩነት ማጥፋታቸው የሚያስቆጨኝ የቃሉን ዋና ሐሳብ ስለሚያስቀርብን ነው፦ የሰው ሁሉ እንጨት በአንድ ላይ መቆሙን።

የ«ቦንፋየር» ጉዳይ ዘለቅ ያለ ነው። ጸሐፊው ቃሉን «መልካም እሳት» ሲሉ የፈቱት «ቦን» በፈረንሳይኛ «መልካም» ማለት ስለሆነ ነው፤ ሐሳቡም ከእርሳቸው የመነጨ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1755 ባሳተመው ታዋቂ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሰፈረው ይህንኑ ፍቺ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የጻፈውን ተቀብሎ መድገም የሚያስወቅስ አይደለም። ይሁንና ከእርሱ የሚቀድሙት ጽሑፎች ሌላ ይናገራሉ። በ1483 የተዘጋጀ የእንግሊዝኛና የላቲን መዝገበ ቃላት ቃሉን የጻፈው በሰሜን እንግሊዝ አነጋገር «ባን» ብሎ ጀምሮ ሲሆን፣ ይህም በዚያ አካባቢ አጥንት ማለት ነው፤ በላቲን የሰጠውም ፍቺ «የአጥንቶች እሳት» የሚል ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ የተጻፈ የእንግሊዝ የስብከት መጽሐፍ በቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ በዓል ዋዜማ የሚነዱ ሦስት ዐይነት እሳቶችን ለይቶ ይገልጻል፤ ከአጥንት ብቻ የሚነደው አንድ፣ ከእንጨት ብቻ የሚነደው ሁለተኛ፣ ሁለቱን ቀላቅሎ የሚነደው ሦስተኛ ነው። «ቦንፋየር» የሚባለው ከሦስቱ የአጥንቱ ነበር። በአየርላንድ ቋንቋም ለዚህ ዐይነት እሳት ያለው ስም ቃል በቃል የአጥንት እሳት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፈረንሳዮች ራሳቸው በአደባባይ የሚነደውን የበዓል እሳት የሚጠሩት «የደስታ እሳት» ብለው ነው እንጂ «መልካም እሳት» ብለው አይደለም። የቃሉ ሁለተኛ ክፍል «ፋየር» ደግሞ ንጹሕ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ስለዚህ የ«መልካም እሳት» ፍቺ ትክክል ይሁን ቢባል ግማሹ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ፣ በምንጩ ፈረንሳይኛ ግን አቻ የሌለው ቃል መቀበል ሊያስፈልገን ነው። እንግሊዞች የአጥንቱን ነገር እየረሱ ሲሄዱና አጻጻፉም ሲለወጥ፣ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ የማያውቅ ትውልድ በጆሮው ደስ የሚለውን ትርጉም ሰጠው። «ደም» እና «ራ» የሚለው አፈታትም የተወለደው ከዚሁ ዐይነት መላምት ነው፤ በእኛ ዘንድ ያለው ልዩነት ደመረ የሚለው ግስ አሁንም ሕያው መሆኑ ነው። የእንግሊዙ ስም ከሚነደው ነገር፣ የእኛው ስም ከመሰብሰቡ የወጣ በመሆኑ ሁለቱ ሕዝቦች አንድ ዐይነት ስም አወጡ የሚለው ንጽጽር በሁለቱም በኩል ይፈርሳል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን፤ ደመራ ከክርስትና በፊት የነበረ የፀሐይ በዓል ነው ወይ ወደሚለው። እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምቀበላቸው ነገሮች አሉ። ክረምት ሲወጣ፣ ዓመት ሲለወጥ እሳት ማንደድ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ያለ ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያም ከክርስትና በፊት ተመሳሳይ ልማድ አልነበረም ብሎ መከራከር አልፈልግም። እንዲሁም የንግሥት እሌኒን ወደ ኢየሩሳሌም መሄድና የመስቀሉን መገኘት ቀድመው ከጻፉት መካከል የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎቹ ሩፊኖስና ሶቅራጥስ የመስቀሉን እውነተኛነት ያስረዱት በታመመች ሴት መፈወስ ነው፤ ደመራውና የዕጣኑ ጢስ በእነርሱ ዘንድ አይገኝም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግን ኪራኮስ የተባለው አረጋዊ ቦታውን ባመለከተ ጊዜ ንግሥቲቱ እንጨት አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ አስለኮሰች፤ ጢሱም ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ አመለከተ፤ ቁፋሮው መስከረም 17 ተጀምሮ መስቀሉ መጋቢት 10 ተገኘ።

ጸሐፊው «በቃሉ ውስጥ መስቀልን የሚያነሣ ነገር የለም» ሲሉ ልክ ናቸው፤ ከዚህ የሚያወጡት ድምዳሜ ግን አይከተልም። ጥምቀት በሚለው ቃል ውስጥም ዮርዳኖስ አይጠራም፤ ቃሉ የሚናገረው መነከርን ነው። የአንድ ሥርዓት ስም ብዙ ጊዜ የሚወጣው በእጅ ከሚሠራው ሥራ ነው እንጂ ሥራው ከሚታሰብበት ምክንያት አይደለም። ትውፊቱም ስለ እሌኒ ሲናገር ደመራውን የሚያነሣው እንጨት በመደመሯ ነው። የቃል ምንጭና የልማድ ምንጭ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱን የፈታ ማስረጃ ለሌላው አያገለግልም። የድሮ የፀሐይ በዓል ነበረ የሚል ሰው ያንን በሌላ ማስረጃ ማሳየት አለበት፤ «ደመራ» የሚለው ቃል ይህን ሸክም አይሸከምለትም።

ቀንና ሌሊት እኩል ስለሚሆኑበት ዕለት የቀረበው ሐሳብ ደግሞ በቁጥር ይፈተናል። በዘመናችን ያ ዕለት የሚውለው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 22 ወይም 23 ላይ ነው፤ ይህም መስከረም 12 ወይም 13 ገደማ ነው። የደመራ ዕለት ከዚያ ጥቂት ቀናት ይዘገያል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ መስከረም 17 ከእኩልነቱ ዕለት አንድ ሳምንት ገደማ ቀድሞ ይውል ነበር። ስለዚህ በዓሉ ፀሐይን ተከትሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ያኔ ይገጥም ነበር።

ቀኑ ከየት እንደ መጣ ግን ይታወቃል። መስከረም 17 በዩልዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 14 ነው፤ ይህም የምሥራቅም የምዕራብም አብያተ ክርስቲያናት መስቀልን የሚያከብሩበት ዕለት ነው። በ335 በኢየሩሳሌም የጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ሴፕቴምበር 13 ተመርቆ መስቀሉ በማግስቱ ለሕዝብ ከመታየቱ ጋር ቀኑ የተያያዘ ነው። የአሮጌውን አቆጣጠር የሚከተሉ የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም በዓሉን የሚያከብሩት በጎርጎርዮስ ሴፕቴምበር 27፣ ማለትም በእኛው መስከረም 17 ነው። ደመራ የማይደምሩ ሕዝቦች ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ማክበራቸው ቀኑን የወሰነው የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መሆኑን ያስረዳል። ከጸሐፊው መከራከሪያዎች ሁሉ ለማመን የሚቀርበው ይህ ስለሚመስል ብዙ አንባቢም የተቀበለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ቢይዙ እንኳ ይህን ነጥብ ቢያርሙት እመኛለሁ።

የቀረው የችቦው ነገር ነው፤ እርሱም ብዙ አያነጋግርም። ችቦ ከደረቅ ቀጫጭን እንጨት ታስሮ በእጅ የሚያዝ ነው፤ ደመራ መሬት ላይ ይቆማል። በቡሄና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በየደጁ ችቦ ሲበራ ደመራ ተደመረ የሚል ሰው የለም። በመስቀል ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ሰዉ የለኮሰውን ችቦ ይዞ ይወጣና ደመራው ላይ ይጨምረዋል። ሁለቱን ቃላት አንድ ካደረግናቸው «ደመራው በችቦ ተለኮሰ» የሚለው፣ በየዓመቱ የምንናገረው ዓረፍተ ነገር ምንም የማይነግረን ሊሆን ነው።